በ7 ሳምንት ሁለት ጊዜ የወረደ ካምቢዮ፦ የአንዲት ማንዋል ጎልፍ ጂቲአይ ጉዳይ በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ ያለች አንዲት የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) በ7 ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወርዶ ተመለሰ። የመጀመሪያው ጥገና ዲስኮና ስፒንጂ ዲስኮ ብቻ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለየው የፍሪሲዮን ሁለት ክፍሎች፤ ስፒንጂ ዲስኮው ዲስኮውን ይጫነዋል) የቀየረ፣ ቶሎ ያለቀና ርካሽ ነበር። ሁለተኛው የመጀመሪያው የተዋቸውን ዕቃዎች በሙሉ ቀየረ። ጉዳዩ እንዲጻፍ ያደረገው እንዲህ ዓይነት መኪና ከእንግዲህ በቀላሉ የማይተካ መሆኑ ነው። ፈጣን ማንዋል መኪና ፋብሪካውም እየተወው ነው፣ አገራችንም በር ዘግታበታለች። ያለው ካለቀ አለቀ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል፣ አምስተኛው ትውልድ ጎልፍ ናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ባለ 1,984 ሲሲ ተርቦ ቤንዚን ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ 280 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል፣ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ አላት። ጋራዥ ስትገባ 148 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድታለች። ይህ ትውልድ ሲወጣ ገዢው ከሁለት ካምቢዮ አንዱን ይመርጥ ነበር። ማንዋሉ ከዜሮ እስከ 100 በ7.2 ሰከንድ ይደርሳል፤ ዲኤስጂ የሚባለው ባለሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ በ6.9። በሰዓት መለኪያ ከሄድን ማንዋሉ የተሸነፈው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የኖረው እጅና እግር ከሞተሩ ጋር ስለሚነጋገሩበትና ሰው ስለሚወደው ነው።

ምልክቶቹ

መጀመሪያ የታወቀው ከአባይ በረሃ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ነው። በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ የዙር ቆጣሪው ከ3,000 ወደ 4,000 ይዘላል፣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ይቆማል። ቀጥሎ የሚቆረቁር የቃጠሎ ሽታ መጣ። ይህ የፍሪሲዮን መንሸራተት ነው፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ካምቢዮው አይከተለውም። ሁለተኛው ምልክት ከተማ ውስጥ ነበር። ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ፣ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንከባለል ያለ ድምፅ ይሰማል። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ «የሞተር ማቀፊያ ጎማ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በዚህች መኪና ላይ ግን ቮላኖው (ከሞተሩ ጫፍ ታስሮ ፍሪሲዮኑን የሚሸከመው ክብ ብረት) ነበር።

ማጣሪያው ፈተና ቀላል ነው። ከባሕር ዳር በሐሙሲት አድርጎ ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ፎገራ ላይ ሲደርስ ሜዳ ነው። በ5ኛ ማርሽ በ2,000 ዙር እየሄዱ ነዳጁን እስከ ታች መርገጥ ብቻ ነው። ጤነኛ ፍሪሲዮን ከሆነ ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ቀስ ብለው ይወጣሉ። የታመመ ከሆነ ዙሩ ቀድሞ ይሮጣል። በ1ኛ ማርሽ የሚሠራው «የእጅ ፍሬን ይዞ መልቀቅ» የሚባለው ፈተና ግን አይታመንም፤ ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ያለቀ ፍሪሲዮንም ሞተር ማጥፋት ይችላል።

የመጀመሪያው ጥገና ምን ላይ ሳተ

መጀመሪያ ያያት ጋራዥ ካምቢዮውን አወረደ፣ ዲስኮውንና ስፒንጂ ዲስኮውን ቀየረ፣ ቮላኖውን ቶርኖ ቤት ልኮ ፊቱን አስላጨ፣ መልሶም ገጠመ። ለአሮጌ ኮሮላ ወይም ለሃይሉክስ ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው። ለዚህች መኪና ግን ከመሠረቱ ስህተት ነበር።

የጂቲአዩ ቮላኖ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ሁለት ክብ ብረቶች በመካከላቸው ረጃጅም ምንጮችና ግሪስ ይዘው የተገጣጠሙበት ነው። አንዱ ከሞተሩ ጋር ይታሰራል፣ ሁለተኛው ፍሪሲዮኑን ይሸከማል፤ ምንጮቹ የሞተሩን ንዝረት ወደ ካምቢዮው ሳይደርስ ይውጡታል። ቶርኖ ላይ ሲታሰር ብረቱ ይሞቃል፣ ግሪሱ ይቀልጣል፤ የሚላጨውም ፊት ቀድሞውኑ ከደከመ ምንጭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቀጥ አይልም። አምራቾቹ እንዳይላጭ የሚከለክሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሬጂስፒንታው (ፔዳሉ ሲረገጥ ስፒንጂ ዲስኮውን የሚገፋው ኩሽኔታ) ነው። በዚህ ካምቢዮ ላይ ሬጂስፒንታውና የፍሪሲዮን ዘይት የሚገፋው ታችኛው ፖምፓ አንድ ዕቃ ናቸው፤ የሚቀመጡትም ከውጭ ሳይሆን ፍሪሲዮኑ ቤት ውስጥ፣ በካምቢዮው ዘንግ ዙሪያ ነው። ከውጭ ስለማይታይ «አልፈሰሰም፣ ይቆይ» ተባለ። 148 ሺህ ኪሎ ሜትር የሠራ ጎማ ነው። አዲሱ ስፒንጂ ዲስኮ ሲገጠም የግፊቱ ርቀት ተለወጠ፣ አሮጌው የፖምፓ ጎማም ቀድሞ ባልደረሰበት ቦታ ላይ መንሸራተት ጀመረ። በ7ኛው ሳምንት ፔዳሉ ታች ወርዶ ቀረ፤ የፍሬን ዘይቱም በአዲሱ ዲስኮ ላይ ፈሰሰ። ዘይት የጠጣ ዲስኮ ታጥቦ አይድንም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት የታየው ይህ ነበር፦ ዲስኮው ጠርዙ ድረስ እርጥብ፤ የቮላኖው ፊት ላይ የብር ሳንቲም መጠን ያላቸው ሰማያዊ የቃጠሎ ነጠብጣቦች፤ የፍሪሲዮኑ ቤት ግድግዳ ላይ ዙሪያውን የተረጨ ጥቁር ግሪስ። ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዞ ሲወዛወዝ እንደ ልቅ የድስት ክዳን ይንኳኳል። የቮላኖው ብሎኖችም አሮጌዎቹ ነበሩ። እነዚህ ሲጠብቁ እንዲሳቡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ሁለተኛ ጊዜ መጠቀም አይቻልም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሳሚያሱ (ኃይሉን ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ብሎን ነው። ባለ 12 ጥርስ ልዩ ቁልፍ የሚፈልግ ብሎን በባለ 6 ማዕዘን ቁልፍ ተፈቶ ጭንቅላቱ ተላጭቷል። አንድ ትክክለኛ ቁልፍ ባለመኖሩ የሁለት ሰዓት ሥራ ግማሽ ቀን በላ።

አውቶማቲክ ማድረግ፣ ወጥ ቮላኖ መግጠም ወይስ በሙሉ መጠገን

ባለቤቱ ተሰላችቷል። ጋራዡ ውስጥ ካሉት በዕድሜ የገፉትን መካኒክ እንዲህ ጠየቃቸው፦

«ጋሼ፣ ለምን አውቶማቲክ አናደርጋትም? ይኸው ሁለተኛዬ ነው።»

«ልጄ፣ ካምቢዮው ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። አእምሮዋንም መቀየር ሊኖርብህ ነው» አሉት።

ልክ ናቸው። ወደ ዲኤስጂ ለመቀየር ከካምቢዮው ሌላ የራሱ ኮምፒውተር፣ የሽቦ መስመር፣ የማርሽ መምረጫ፣ የፔዳል ስብስብ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያስፈልጋል። ከዚያም ሕይወቱ የሚቆመው በዘይቱ ላይ ነው። በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ከሩብ ገደማ ልዩ ዘይትና ማጣሪያ ይፈልጋል፤ የዘይቱ ልክ የሚታየው ደግሞ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን፣ በኮምፒውተር ሙቀቱ እየተነበበ ነው። ይህን በትክክል የሚሠራ እጅ በቅርብ ከሌለ፣ ፈጣኑ ካምቢዮ ከማንዋሉ ቀድሞ ይሞታል።

ሁለተኛው ሐሳብ አንድ ወጥ ቮላኖ መግጠም ነበር። ይህ ሊናቅ የማይገባ መንገድ ነው። ወጥ ቮላኖ የሚያልቅ ምንጭ የለውም፤ ቶርኖ ቤት ይላጫል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ጉዳቱ ንዝረቱ ሳይዋጥ ወደ ካምቢዮው ማለፉ ነው። ቆሞ ሲሠራ ማርሾቹ ይንኳኳሉ፣ ኩሽኔታዎቹም ፋብሪካው ያላሰበላቸውን ድብደባ ይሸከማሉ። ዲስኮው መሐሉ ላይ ምንጭ ያለው ካልሆነ ደግሞ ይብሳል። ባለሁለቱ ቮላኖ ጨርሶ ካልተገኘ ይህ ሁለተኛ ምርጫ ነው። እስከተገኘ ድረስ ግን ካምቢዮውን የሚያተርፈው ዕቃ መገጠም አለበት፤ ሌላ ካምቢዮ ከየት ይመጣል?

ጥያቄው ለወግ የተጣለ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አግዳለች። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮንም ማርሽም አያስፈልገውም፤ ሞተሩ ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉን ይሰጣል። ከዚያ በፊትም መሪው በግራ መሆን ስላለበት፣ በቀኝ መሪ የተሠሩት የጃፓን ገበያ ፈጣን ማንዋሎች ለኛ መንገድ አልነበሩም። ስለዚህ ዛሬ ጣና ዳር የሚሄድ ፈጣን ማንዋል ሁሉ ቁጥሩ ከእንግዲህ የማይጨምር ነው።

ውጭ አገርም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይለይም። የመጀመሪያው ጎልፍ ጂቲአይ በ1976 በ4 ማርሽ ማንዋል ወጣ፤ የ2025 ሞዴሉ ማንዋል የለውም። የአሜሪካው ኮርቬት በ2020 ሞዴሉ ሦስተኛውን ፔዳል፣ የፍሪሲዮኑን፣ አስወጣ። ፌራሪ ከተወው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። የቢኤምደብሊው ኤም 2 ላይ ምክንያቱ በቁጥር ይታያል፦ በ2025 ሞዴል አውቶማቲኩ 600 ኒውተን ሜትር ሲሰጠው፣ ማንዋሉ በ550 ተገድቧል። ሞተሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ለካምቢዮው ሲባል የተተወ ኃይል ነው። በዚህ ላይ የጭስ ሕግ አለ። በፈተና ጊዜ ኮምፒውተር ማርሹን ሁልጊዜ በተመረጠው ዙር ላይ ይቀይራል፣ የሰው እግር ግን እንደ ስሜቱ ነው። ፊት ያለው መኪና ሲቆም ራሱ የሚያቆምና ሲሄድ ራሱ የሚያስነሳ ሥርዓትም ከማንዋል ጋር አይስማማም፤ መኪናው ራሱ ቢያቆም ሞተሩ ይጠፋል። እያንዳንዱ የሞተርና የካምቢዮ ጥምረት ለብቻው ተፈትኖ መጽደቅ አለበት፤ ጥቂት ሰው ለሚገዛው ካምቢዮ ያን ወጪ ማውጣት ፋብሪካው እየከበደው መጣ።

ተመልሶ የመጣም አለ። ፖርሽ በ2013 ያወጣውን 911 ጂቲ3 በባለሁለት ፍሪሲዮን ብቻ ሸጠ፤ ገዢዎቹ አጥብቀው ጠየቁ፣ በ2017 ማንዋሉ ተመለሰ። ቶዮታም ጂአር ሱፕራን መጀመሪያ በአውቶማቲክ ብቻ ሸጦ ኋላ ማንዋል ጨመረ። ሂዩንዳይ ደግሞ አዮኒክ 5 ኤን በሚባለው የኤሌክትሪክ መኪናው ላይ ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ እንዳለ የሚያስመስል ፕሮግራም ጭኗል። ፍላጎቱ እውነት ነው። ግን በእነዚህ ውስጥ አንዱም ባሕር ዳር ላለችው ጂቲአይ ቮላኖ አይሆናትም።

ውሳኔው በሙሉ መጠገን ሆነ።

ሁለተኛው ጥገና

የታዘዘው ዕቃ ይህ ነበር፦ ባለሁለት ክፍል ቮላኖ፣ ዲስኮ፣ ስፒንጂ ዲስኮ፣ ሬጂስፒንታ ከነፖምፓው፣ ሙሉ የቮላኖና የስፒንጂ ዲስኮ ብሎኖች፣ የሞተሩ የኋላ ፓራዎልዮ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዝ ቀለበት)፣ ሁለቱ የሳሚያስ ፓራዎልዮዎች፣ የሳሚያስ ብሎኖች፣ 3 ሊትር የካምቢዮ ዘይት፣ 1 ሊትር ዶት 4 የፍሬን ዘይት። ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ አብረው ወደ 20 ኪሎ ይመዝናሉ፤ በመንገደኛ ሻንጣ ለሚያስመጣ ሰው አንድ ሙሉ ሻንጣ ማለት ነው። ሲታዘዝ በሞዴል ዓመት ብቻ መግዛት አደጋ አለው። በሻንሲ ቁጥርና ካምቢዮው ላይ በተቀረጸው የፊደል ኮድ ነው መግዛት ያለበት።

ሥራው የተጀመረው ከዘይቱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ከማፍሰስ በፊት የመሙያው ብሎን መፈታቱን ማረጋገጥ። አፍስሶ መሙያው አልከፈት ያለው ሰው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ይቀራል። የወጣው ዘይት በንጹሕ ሳህን ላይ ታየ፤ ማግኔት ሲነካው የተሰበሰበው የዱቄት ያህል የላመ ብረት ብቻ ነበር። ቁርጥራጭ ቢገኝ ኖሮ ሥራው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ከዚያ ባትሪውና መቀመጫው፣ የማርሽ ገመዶቹ፣ የፍሪሲዮን ዘይት ቱቦው (ጫፉ ወዲያው መደፈን አለበት፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል)፣ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እና ሳሚያሶቹ ተነሱ። ሞተሩ ከላይ በመደገፊያ ብረት ተንጠለጠለ። ካምቢዮው ወደ 50 ኪሎ ስለሚጠጋ በካምቢዮ ክሪክ ነው መውረድ ያለበት። በሰው ትከሻ ሲወርድ ዘንጉ በዲስኮው ላይ ይንጠለጠልና መሐሉን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ዲስኮ አዲስ ቢሆንም አይለቅም፣ የኋላ ማርሽም ሲገባ ይንጫጫል።

የሞተሩ የኋላ ፓራዎልዮ የቴፍሎን ዓይነት ነው። የለመደ እጅ ከንፈሩን ዘይት መቀባት ይወዳል። ይህኛው ግን ዘንጉም ከንፈሩም ደረቅና ንጹሕ ሆነው ነው የሚገባው፤ ዘይት ከተቀባ መያዝ ያቅተውና ያፈሳል። አዲሱ ቮላኖ በአዲስ ብሎኖች ታሰረ፦ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል መጀመሪያ በ60 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ ሩብ ዙር ተጨማሪ። ፊቱ ላይ ያለው የመጠበቂያ ዘይት በፍሬን ማጽጃ ተጠረገ፤ ከዚያ በኋላ በጣት እንኳ መንካት የለበትም። ዲስኮው በመሐል ማስያዣው ተስተካክሎ ስፒንጂ ዲስኮው ቀስ በቀስ፣ በየብሎኑ ግማሽ ግማሽ ዙር እየተዞረ ገባ። በአንድ ወገን ቀድሞ የሚጠብቅ ከሆነ ላሜራው ይጣመማል። የካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ላይ የተቀባው ግሪስ በጣም ስስ ነው፤ የበዛ ግሪስ ሲዞር ተረጭቶ ዲስኮ ላይ ያርፋል።

ካምቢዮው ሲገባ ማዕከላዊ ፒኖቹ መቀመጣቸው ሳይረጋገጥ በብሎን መሳብ ክልክል ነው፤ የአሉሚኒየም ቤቱ ይሰነጠቃል። ትላልቆቹ ኤም 12 ብሎኖች በ80፣ ኤም 10ዎቹ በ40 ኒውተን ሜትር ጠበቁ፤ የሳሚያሱ ኤም 10 ብሎኖች በ70። የካምቢዮ ዘይቱ 2.3 ሊትር ገባ።

የፍሪሲዮን ዘይቱን አየር ማስወጣት ላይ ነው ትዕግሥት ያስፈለገው። ዘይቱ ከፍሬኑ ጋር አንድ ገንዳ ይጋራል፤ የፍሪሲዮኑ ቱቦ የሚነሳው ግን ከገንዳው ወገብ ነው። ገንዳው በግማሽ ሲደርስ ፍሬኑ እየሠራ ፍሪሲዮኑ አየር ይስባል። በፔዳል መርገጥ ብቻ ሲሞከር ፔዳሉ ታች እየቀረ አስቸገረ፤ በ2 ባር የአየር ግፊት ከገንዳው ሲገፋ በአንድ ጊዜ ጸዳ።

መኪናዋ ከፍ ባለችበት አንድ ነገር አብሮ ታየ። በዚህ ሞተር ላይ የነዳጅ ፖምፓውን ከካሙ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ኩባያ መሳይ ብረት አለ፤ ሲበላ ካሙንም ፖምፓውንም ይዞ ይጠፋል። ሦስት ብሎን ፈትቶ ማየት ብቻ ነው። ጥቁሩ ሽፋን ተልጦ ብርማው ብረት ብቅ ብሎ ስለነበር ተቀየረ። ይህን ሞተር የያዘ ሁሉ በየ30 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢያየው ይጠቀማል።

ፍሪሲዮኑን የበላው ምን ነበር

ዕቃው ቢቀየርም ምክንያቱ ካልታወቀ ሦስተኛ ጊዜ መውረዱ አይቀርም። በ1ኛ ማርሽ የዚህ ካምቢዮ አጠቃላይ ቅነሳ 13.2 ገደማ ነው፤ ማለትም ሞተሩ 13.2 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ በ750 ዙር ሲዞር፣ በ17 ኢንች ጎማዋ በሰዓት 6.5 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ከዚያ በታች መሄድ የሚቻለው ፍሪሲዮንን በግማሽ በመያዝ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ ናት፤ በገበያ ቀን ባጃጅ ተከትሎ የሚሄድ መኪና ከሰው እርምጃ በታች ይሳባል። ሹፌሩ እግሩን አንስቶ ሙሉ ቦታ ከመጠበቅ ይልቅ ሜትር በሜትር ይከተላል፤ ዲስኮው እየነደደ ነው።

ከፍታውም አለበት። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በስድስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ተርቦው ሲነሳ ይህን ያካክሳል። ከ1,800 ዙር በታች ግን ተርቦው ገና አልነቃም፣ ሞተሩም ፋብሪካው ካሰበው ይልቅ ደካማ ነው። ሹፌሩ ለማስነሳት ዙሩን ወደ 2,500 ያወጣና በፍሪሲዮን ያስተካክለዋል። በቀን 40 ጊዜ ሲደጋገም ዲስኮው አይችለውም። የአባይ በረሃ ዳገት ላይ ከባድ መኪና ተከትሎ በግማሽ ፍሪሲዮን መሳብ የመጨረሻውን በላ።

ስለዚህ ለባለቤቱ የተሰጠው ምክር ይህ ነው። ሰልፍ ውስጥ ፊት ያለው ሁለት መኪና ያህል ቦታ ሳይለቅ አትንቀሳቀስ። ስትነሳ ከ1,500 ዙር በላይ አታስፈልጋትም፤ ቀስ ብለህ ልቀቅ። ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ያዛት። በቆምክ ቁጥር ማርሹን ዜሮ አድርገህ እግርህን ከፔዳሉ አንሳ። የመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ላይ በሙሉ ነዳጅ አትርገጥ፤ የዲስኮው ፊት ከቮላኖው ጋር ገና እየተላመደ ነው።

ከ3,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ፎገራ ሜዳ ላይ ያው ፈተና ተደገመ። በ5ኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ወጡ። ሞተሩ ሲጠፋ የቆርቆሮው ድምፅ የለም። የፍሬን ዘይቱ ገንዳ ከምልክቱ አልወረደም። ባለቤቱ አንድ ተጨማሪ ሬጂስፒንታ ከነፖምፓው አስመጥቶ ከነፕላስቲኩ፣ ፀሐይ በማይደርስበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጧል። የፍሬን ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ የሳሚያስ ፓራዎልዮዎቹ በሚቀጥለው የሞተር ዘይት ቅያሪ ከሥር ይታያሉ።